«ፍቅር እስከ መቃብር» ከየት መጣ?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ስለሚደግፈው የእንግሊዝ ክለብ ሲያወራ «የኔማ ፍቅር እስከ መቃብር ነው» አለ። የሶፋ ማስታወቂያ ላይም አይቼዋለሁ። ቅር ይለኛል። ሐረጉ «በጣም» ማለት ብቻ ሆኖ ቀረ።

ያስፋፋው የሐዲስ አለማየሁ ልብ ወለድ ነው። በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቀውም ሰው አፍ ገባ። ሥሩ ግን ከዚያ ይርቃል። እኔ ባልና ሚስት በቤተ ክርስቲያን አብረው ከሚቆርቡበት ከቁርባን ጋብቻ የመጣ ነው ባይ ነኝ።

በውል የሚታሰረው የሰማንያ ጋብቻ ይፈታል። ካልተስማሙ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ከብቱና እህሉ ይካፈላል፣ ሁሉም በየፊናው ይሄዳል። የቁርባን ግን አይፈታም። ስለዚህ ገጠር ብዙ ሰው በወጣትነቱ አይደፍረውም። አያቶቼ የቆረቡት ልጅ ድረው፣ የልጅ ልጅ ስመው ነው። አያቴ ከቅዳሴ ስትመለስ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ነበር። ሮጬ ልስማት ስል በእጇ ከለከለችኝ። አባባም ከኋላዋ ዝም ብሎ ገባ። ትንሽ ቆይታ አንዲት ጎረቤት መጣችና «እንግዲህ ከመቃብር በቀር የሚለያችሁ የለም» አለቻቸው። ምርቃት ነበር። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሐዲስም ጎጃም ውስጥ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሰው ናቸው። ይህን የመሰለ ንግግር ሳይሰሙ አልቀሩም። ርዕሱን እንደ ቅኔ ነው የማነበው። ሰሙ ግነት ነው፣ አፍቃሪ ሁሉ የሚለው። ወርቁ ግን እንዳለ እውነት ነው። መጽሐፉ ውስጥ ግነት ሞልቷል፤ የሰብለ ወንጌል አባት የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ብቻውን ይበቃል። ርዕሱ ላይ ግን ምንም አልተጋነነም። የሰብለ ወንጌል ፍቅረኛ በዛብህ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው፤ ማግባት አይፈቀድለትም። እሱ ሲሞት ሰብለ ወንጌል መንኩሳ ኖረች፤ በመጨረሻም እሱ የተቀበረበት ተቀበረች። ጎረቤታችን በምርቃት ያለችው ቃል በእነሱ ላይ ቃል በቃል ደረሰ።

ሰርግ ላይ ሲባል አልቃወምም። ቦታው ነው። ብቻ ካርዳችሁ ላይ ልታጽፉት ያሰባችሁ ሙሽሮች፣ በሰፈራችሁ የቆረቡ ባልና ሚስት ካሉ ቀድማችሁ ጠይቋቸው። ስንት ዓመት አስበውበት እንደቆረቡ ይንገሯችሁ።