ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም

ይህ አባባል ብዙ ጊዜ የሚነሳው ልጅ እንግዳ ፊት ያልተጠበቀ ቃል ሲያመልጠው ነው። እናት አንገቷን ትደፋለች፤ እንግዳው እየሳቀ «ልጅና ወረቀት…» ይልና ይተወዋል። በልጅነት የገባ አይወጣም ማለት ነው።

ምሳሌው ወረቀት እንጂ ብራና አለማለቱ ልክ ነው። ብራና ላይ ቁም ጸሐፊ ሲሳሳት በቢላ ፍቆ ያርማል፤ ቀለሙ ከቆዳው ላይ ነውና። ወረቀት ግን ቀለሙን ይመጠዋል፤ ልፋቀው ቢሉት ይቀደዳል።

ይህን የልጅ ጠባይ የኔታ ያውቁታል። ልጅ «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ቶሎ ይይዛል፤ የያዘው ግን ዜማውን ብቻ ሊሆን ይችላል። ያኔ ስንጥሩ አንድ ፊደል ላይ፣ አፉ ሌላ ፊደል ላይ ይገኛል። አቡጊዳ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የለመደው ተራ ሲፈርስ ቅርጹን ማየት ግድ ይሆንበታል።

«የያዘውን» የሚለው ቃል ለእርሳስም ይሠራል። ነርሰሪ የገባ የ3 ዓመት ልጅ ገጽ ሙሉ «ሀ» ጻፍ ሲባል፣ የጣቶቹ ጡንቻ ገና ስላልጠና እርሳሱን በጡጫው ጨብጦ ክንዱን ከትከሻው እያንቀሳቀሰ ይጽፋል። ያ አያያዝ ልማድ ከሆነ አንደኛ ክፍል ሲደርስ እጁ ቶሎ ይዝላል፤ ልማዱን ማስተዉም ያታክታል። በዚህ ዕድሜ የቤት ሥራ አለመስጠት ስንፍና አይደለም።

ለጣቱ የሚሻለው ወጥ ቤት ነው። እንቁላል የምታህል የዳቦ ሊጥ ስጡት፤ ያድቦልቡል፣ ይቆንጥር። የልብስ መቆንጠጫ ጣሳ ጠርዝ ላይ ይሰካ። (ሽምብራ ማስለቀም ይቆይ፤ አፍንጫው ውስጥ ይከተዋል።) ክራዮኑን ለሁለት ስበሩት፦ ረጅሙ ለጡጫ ይመቻል፣ አጭሩን ግን በጣት ጫፍ ካልሆነ መያዝ ያስቸግራል።

ንግግርም እንዲሁ ነው። ቴሌቪዥን ያወራል እንጂ መልስ አይጠብቅም፤ ልጅ ቋንቋ የሚይዘው «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል መልስም ጥያቄም ሲመለስለት ነው።

ወላጅ ኬጂ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እንግሊዝኛው ነው። ከዚያ ይልቅ ክፍሉ ደጃፍ ላይ 10 ደቂቃ ቁሙ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲመልሱ ብቻ ከሰማችሁ፣ የያዙት ዜማውን ሊሆን ይችላል። መምህሯ አንዱን ልጅ በስሙ ጠርታ፣ ከዓይኑ እኩል ዝቅ ብላ፣ መልሱን እስኪያገኝ ትታገሠዋለች? በልባችሁ እስከ 5 ቁጠሩ፤ ለ4 ዓመት ልጅ ይህም አጭር ነው።