የሦስት አገሮች አንድ አየር መንገድ፦ ኢስት አፍሪካን ኤርዌይስ ምን ነበር?

ኢስት አፍሪካን ኤርዌይስ ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ ከ1946 እስከ 1977 በጋራ የያዙት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ የነበረ አየር መንገድ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «ቀጣናዊ አየር መንገድ» ሲባል ብዙ ጊዜ በትንንሽ አውሮፕላኖች አጫጭር መስመሮችን የሚሸፍን ድርጅት ይታሰባል። የዚህ ድርጅት ቀጣናዊነት ግን ከባለቤትነቱ የመጣ እንጂ ከበረራው ርቀት የመጣ አልነበረም፤ አውሮፕላኖቹ ለንደንና ቦምቤይ፣ ለአጭር ጊዜም ኒው ዮርክ ደርሰዋል።

መንግሥታት አየር መንገድን በጋራ መያዝ እንደሚችሉ በ1944 ቺካጎ ላይ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በአንቀጽ 77 ይፈቅዳል። ይኸው ስምምነት ግን አውሮፕላን የተመዘገበበትን አገር ዜግነት እንደሚይዝና በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ በሆነ አገር ሊመዘገብ እንደማይችል ይደነግጋል። ኩባንያው የሦስት አገሮች ቢሆንም እያንዳንዱ አውሮፕላን የአንዱ ብቻ መሆን ነበረበት ማለት ነው። መፍትሔው ማከፋፈል ሆነ፤ አንድ ዓይነት ቀለም ከተቀቡት አውሮፕላኖች አንዱ የዩጋንዳን መለያ 5ኤክስ፣ ሌላው የኬንያን 5ዋይ፣ ሦስተኛው የታንዛኒያን 5ኤች በጎኑ ጽፎ ይበር ነበር። ተራ ተሳፋሪ ልብ የማይላቸው እነዚህ ፊደላት የድርጅቱን ጠባይ በሚገባ የሚያሳዩ ይመስለኛል።

ድርጅቱ ሥራ የጀመረው በጥር 1946፣ አራቱም ግዛቶች (ታንዛኒያ ያኔ ታንጋኒካና ዛንዚባር የሚባሉ ሁለት ግዛቶች ነበረች) በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ሳሉ፣ በ50,000 ፓውንድ ካፒታል ነበር። ድርሻው እኩል አልነበረም፦ ኬንያ 67.7 በመቶ፣ ዩጋንዳ 22.6 በመቶ፣ ታንጋኒካ 9 በመቶ፣ ዛንዚባር 0.7 በመቶ ያዙ። የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች ከእንግሊዙ ብሔራዊ አየር መንገድ በኪራይ የተገኙ ስድስት ባለ ሁለት ሞተር፣ ድርብ ክንፍ ዲ ሃቪላንድ አውሮፕላኖች ነበሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚያው በ1946 ስለሆነ ሁለቱ እኩያሞች ናቸው ማለት ይቻላል፤ የእኛው ግን ባለቤቱ አንድ መንግሥት ነበር።

ቀጥሎ የመጣው እድገት ፈጣን ነው። ዲሲ-3 አውሮፕላኖች የአገር ውስጥ መስመሮችን ያዙ፤ በ1957 በባለ አራት ሞተር አውሮፕላን የለንደን በረራ ተጀመረ፤ በ1960 ኮሜት 4 ጄት ገባ፤ ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ድርጅቱ አምስት ሱፐር ቪሲ10 ጄቶችን ተራ በተራ ተረከበ። የዚህ አውሮፕላን ምርጫ በአጋጣሚ የተደረገ አልነበረም። የናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በከፍታና በሙቀት ምክንያት የሳሳ አየር የሞተሩን ግፊትም የክንፉን ማንሳትም ስለሚቀንስ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። ቪሲ10 ከጅምሩ የተነደፈው እንዲህ ካሉ የአፍሪካና የእስያ ማረፊያዎች በሙሉ ጭነት እንዲነሣ ታስቦ ነው።

ቅኝ ግዛቱ ሲያበቃ ታንጋኒካና ዛንዚባር ተዋህደው ታንዛኒያ ስለሆኑ ባለቤቶቹ ሦስት ሆኑ። በሰኔ 1967 ካምፓላ ላይ በተፈረመው ውል የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሲቋቋም፣ አየር መንገዱ ከባቡሩ፣ ከወደቦቹና ከፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽኑ ጋር ከአራቱ የጋራ ኮርፖሬሽኖች አንዱ ሆነ። ውሉ አንድ የቆየ ቅሬታን ለማለዘብም ሞክሯል። የጋራ ድርጅቶቹ ዋና መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ናይሮቢ ስለነበሩ ሥራው፣ ደመወዙና የጥገና ሙያው ወደ ኬንያ ያደላል የሚለው ክስ እየበረታ ሄዶ ነበርና ወደቦቹ ወደ ዳሬሰላም፣ ፖስታው ወደ ካምፓላ፣ የማኅበረሰቡ ጽሕፈት ቤት ወደ አሩሻ ሄዱ። አየር መንገዱ ግን እዚያው ቀረ፤ የጥገና ማዕከልን ከነመሣሪያውና ከነሙያተኛው ነቅሎ መውሰድ ቀላል ነገር አይደለምና።

አዲስ አበባ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምትገባው በአሳዛኝ ቀን ነው። ሚያዝያ 10 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ማለትም በኤፕሪል 18 ቀን 1972፣ ከናይሮቢ ተነሥቶ በአዲስ አበባና በሮም በኩል ወደ ለንደን ይጓዝ የነበረ ሱፐር ቪሲ10 ከቦሌ ለመነሣት ሲንደረደር፣ ከአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ወድቆ በሜዳው ላይ የቀረ ብረት የፊት ጎማውን አፈነዳው። አብራሪው መነሣቱን ትቶ ለማቆም ቢሞክርም የፍሬኑ ሥርዓት አንድ ክፍል አላግባብ ተገጣጥሞ ስለነበር ፍሬኑ በሙሉ ኃይሉ አልያዘም፤ አውሮፕላኑም መንደርደሪያውን አልፎ ወድቆ ተቃጠለ። ከ107 ተሳፋሪዎችና የበረራ ሠራተኞች 43ቱ ሞቱ። የወደመው አውሮፕላን የዩጋንዳን ፊደላት የያዘ ነበር።

ድርጅቱን የጣለው ግን አደጋው አይደለም። የማኅበረሰቡ የበላይ ሥልጣን የሦስቱ ፕሬዚዳንቶች ጉባኤ ነበር። በጥር 1971 ኢዲ አሚን በዩጋንዳ መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርግ የታንዛኒያው ጁሊየስ ኔሬሬ ከእርሱ ጋር ለስብሰባ አልቀመጥም አለ፤ ጉባኤው ከዚያ ወዲህ አልተሰበሰበም። አየር መንገድ እንዲህ ያለውን ዝምታ ለረጅም ጊዜ መሸከም አይችልም። ነዳጅ፣ መለዋወጫና የአውሮፕላን ዕዳ የሚከፈሉት በውጭ ምንዛሪ ሲሆን፣ ቲኬት የሚሸጠው ደግሞ በየአገሩ ገንዘብ ነው፤ በካምፓላ ወይም በዳሬሰላም የተሰበሰበው ገቢ ወደ ናይሮቢ እንዲሻገር የየመንግሥቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። የምንዛሪ ቁጥጥሩ ሲጠብቅና መተማመኑ ሲጠፋ ገንዘቡ በየአገሩ መቅረት ጀመረ። ናይሮቢ ያለው መሥሪያ ቤት ወጪውን ሁሉ ይዞ ገቢውን በከፊል ብቻ የሚያይ ሆነ።

ኬንያ ሌሎቹ ድርሻቸውን አልከፈሉም ስትል፣ ሌሎቹም ኬንያ የጋራውን ሀብት ለራሷ አስቀርታለች አሉ። በ1977 መጀመሪያ በረራው ቆመ። የኬንያ አየር መንገድ በጥር ተቋቁሞ በየካቲት መብረሩ ዝግጅቱ ቀደም ብሎ እንደተጀመረ ያሳያል። ታንዛኒያ በዚያው የካቲት ከኬንያ ጋር ያላትን ድንበር ዘጋች፤ በመጋቢት የራሷን አየር መንገድ አቋቋመች፤ ዩጋንዳ ደግሞ ይህን ያደረገችው ከዓመት በፊት ነበር። ማኅበረሰቡ ራሱ በዓመቱ አጋማሽ ፈረሰ።

ከዚህ ተነሥቶ የጋራ አየር መንገድ ከመነሻው የማይሆን ነገር ነው ማለት ግን ስህተት ይመስለኛል። ዴንማርክ፣ ኖርዌይና ስዊድን በዚያው በ1946 የመሠረቱት የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ እንዲሁ አውሮፕላኖቹን በሦስት አገሮች እያስመዘገበ፣ ድርሻውንም 2 ለ2 ለ3 ከፍሎ ለአሥርት ዓመታት ኖሯል። ልዩነቱ እዚያ መንግሥታቱ ከግል ባለሀብቶች ጋር ድርሻ መካፈላቸውና በመሪዎቻቸው መካከል መነጋገር ያልተቋረጠ መሆኑ ነው። አሥራ አንድ አገሮች በ1961 ያቋቋሙት ኤር አፍሪክ ደግሞ እስከ 2002 ቆይቶ በዕዳ ከስሟል።

የምሥራቅ አፍሪካው ንብረት ክፍፍል ሰባት ዓመት ፈጀ። ስዊዘርላንዳዊው ሸምጋይ ቪክቶር ኡምብሪክት ባካሄዱት ድርድር፣ በግንቦት 1984 የማኅበረሰቡ ሀብትና ዕዳ 42 በመቶ ለኬንያ፣ 32 በመቶ ለታንዛኒያ፣ 26 በመቶ ለዩጋንዳ እንዲደርስ ተስማሙ። የተረፉት አራት ሱፐር ቪሲ10ዎች ግን ከክፍፍሉ ውጭ ነበሩ፤ በ1977 ወደ እንግሊዝ ተመልሰው ነበርና። የእንግሊዝ አየር ኃይል ገዝቶ በአየር ላይ ለሌሎች አውሮፕላኖች ነዳጅ የሚያቀብሉ አደረጋቸው። የቪሲ10 ዓይነት አውሮፕላን ለመጨረሻ ጊዜ የበረረው በመስከረም 2013 ሲሆን፣ ያን በረራ ያደረገው ከእነዚሁ አንዱ፣ ቀድሞ የታንዛኒያን 5ኤች ይዞ ለምሥራቅ አፍሪካ ይበር የነበረው ነው።