ዓለም አቀፍ የዳኝነት ሥልጣን ምንድን ነው?

በቀደም ጎንደር ጃንተከል ዋርካው አካባቢ ቡና እየጠጣን አንዱ ስለ ገዳዮች "ቆይ፣ ሄግ ይወስዷቸዋል" ሲል ሌላው "ኢትዮጵያ የሮም ስምምነት አባል አይደለች፣ ማን ይወስዳቸዋል?" አለው። የሮም ስምምነት ሄግ ያለውን ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት፣ አይሲሲን፣ ያቋቋመው ነው። ሁለቱም ያላነሱት ሌላ በር አለ።

ባጭሩ እንደ ጦር ወንጀልና ዘር ማጥፋት ያለውን ከባድ ወንጀል የሌላ አገር ፍርድ ቤትም ሊያየው ይችላል ነው ነገሩ፣ ወንጀሉ እዛ ባይፈጸምም፣ ገዳይም ሟችም ያገሩ ሰው ባይሆኑም። የኛው የወንጀል ሕግም አንቀጽ 17 ላይ አለው።

የእሸቱ ዓለሙን ነገር ውሰዱ። ደርግ ጎጃም ላይ የሾመው ሰው ነው፣ ነሐሴ 1970 ደብረ ማርቆስ ውስጥ 75 ወጣት እስረኞች ቤተክርስቲያን ውስጥ ተገደሉ፣ ሰውየው ኋላ ኔዘርላንድ ገብቶ ዜግነትም አግኝቶ ስንት ዓመት በሰላም ሲኖር ቆየና ታህሳስ 2010 ሄግ ላይ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ሄግ ስላልኩ አይሲሲ እንዳይመስላችሁ፣ ሌባም ነፍሰ ገዳይም የሚቀርብበት የደቾቹ የራሳቸው ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። የደርጉን የጎንደር አስተዳዳሪ መላኩ ተፈራን የሚያስታውስ ጎንደሬ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ችግሩ ተጠርጣሪው አገራቸው ካልረገጠ ብዙዎቹ ፍርድ ቤቶች አይነኩትም። መንግሥቱ ኃይለማርያም በ1999 እዚሁ በሌለበት ጥፋተኛ ተባለ፣ እሱ ግን ሐራሬ ነው።

የሰብአዊ መብት ጠበቆች ታዲያ በዚህ መሃል ምን ይሠራሉ? ሰው መሞቱን ማሳየት ቀላሉ ነው፣ ከባዱ ማን አዘዘ የሚለው ነው፣ ስለዚህ ፊርማ ያለበት ወረቀት፣ የሬዲዮ ንግግር፣ ማን የት ቦታ አዛዥ ነበር የሚለውን ለዓመታት ይለቅማሉ። አዘዞ ያለች አክስቴ ጥይት የበሳውን የበሯን ቀዳዳ የቀረጸችበት ቪዲዮ ነበራት፣ ለጠበቃ ጓደኛዬ በቴሌግራም ልላክልህ ብለው "እንደ ቪዲዮ አትላከው፣ ይጨመቃል፣ የተቀረጸበት ቀንም ይጠፋል፣ ፋይል አርገህ ላከው፣ ስልኩንም እንዳትሸጡት" አለኝ። ለአክስቴ ስነግራት ሳቀች።

"ቀኑንማ ምን ስልክ ያስፈልገዋል፣ የሚካኤል ማግስት ነው፣ ጠላ ጠምቄ ነበር" አለች።

ጠበቃው እሱንም ጻፈው።