«ግሉተን ፍሪ» የሚለው ጽሁፍና ማህተሙ አንድ አይደሉም

አሜሪካ ግሮሰሪ ስትገቡ ግማሹ ፓኬት ላይ «ግሉተን ፍሪ» ተጽፏል፣ ግሉተን የሌለው ማለት ነው፣ ግሉተን ደሞ ስንዴና ገብስን በመሳሰሉ እህሎች ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፣ አንዳንዱ ላይ ደሞ ጂኤፍ የሚል ማህተም አለ፣ ብዙ ሰው አንድ ይመስለዋል ግን አይደለም። ጽሁፉን ካምፓኒው ራሱ ነው የሚያወጣው። የአሜሪካ የምግብና የመድሃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በ2013 ባወጣው ህግ እንደዛ ብሎ ለመጻፍ ግሉተኑ ከ20 ፒፒኤም በታች መሆን አለበት፣ በአንድ ኪሎ ምግብ ከ20 ሚሊግራም ያነሰ ማለት ነው፣ ሆኖም ቀድሞ አይቶ የሚያጸድቅ የለም፣ ካምፓኒውም ምርቱን የግድ ላብ አስመርምር አይባልም፣ ከዛ በላይ ከተገኘበት ግን ይጠየቃል። የሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅት ማህተም ሲኖር ግን የውጪ ድርጅት ፋብሪካውን አይቶታል፣ ምርቱም ተመርምሯል። ጂኤፍሲኦ የሚባለው ማህተም ሰጪ ድርጅት ደሞ ከ10 ፒፒኤም በላይ አይቀበልም። ሴሊያክ፣ ማለትም ግሉተን ሲበላ አንጀት የሚጎዳበት በሽታ፣ ላለበት ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ትንሽ ፍርፋሪ እንኳን አንጀቱን ይጎዳዋላ።

አውሮፓ ያላችሁ የምታዩት የተሰረዘ የስንዴ ዛላ ነው፣ እሱም በ20 ፒፒኤም ነው የሚሰራው።

«ዊት ፍሪ» (ስንዴ የሌለው) የሚል ላይ በጣም ተጠንቀቁ። የአሜሪካ የአለርጂ ህግ ስንዴ ካለ በግልጽ ይጻፍ ይላል፣ ገብስን ግን አይጠቅስም፣ ስለዚህ ስንዴ የሌለው ነገር ውስጥ «ማልት» ተብሎ ገብስ ሊኖር ይችላል፣ ማልት ማለት ያው ለጠላ የምናውቀው ብቅል ነው።

ወደኛ ምግብ ስንመጣ ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም፣ እንጀራው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እህቴ ሴሊያክ እንዳለባት በታወቀ ሰሞን ከሀበሻ ሱቅ እንጀራ ገዛሁላት፣ ፊት ለፊቱ በትልቁ «ጤፍ» ይላል፣ ቤት ገብቼ ጀርባውን ሳነብ ጤፍ፣ ገብስ፣ ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት። ሰልፍ ራይዚንጉ የስንዴ ዱቄት ነው! ደግነቱ ሳትቀምሰው ደረስኩ። አሁን «መቶ ፐርሰንት ጤፍ» ቢልም ዱቄቱ የት ነው የተፈጨው፣ ምጣዱ ላይ ሌላ ይጋገራል ወይ ብዬ ሳልጠይቅ አልገዛም።

አጃም እንደዛው ነው፣ ኦትስንም አጃ እንላለን፣ አገር ቤት አጃ የሚባለው ግን የስንዴ ዘር የሆነም አለ፣ ስለዚህ «የአጃ ቅንጬ» የሚል ፓኬት ስታነሱ የእንግሊዝኛውን ስም ፈልጉ፣ ኦትስ ከሆነም እርሻና ወፍጮ ላይ ከስንዴ ስለሚቀላቀል ማህተም ያለውን ውሰዱ።