ስድስት ሜዳሊያ በአንድ ርቀት፦ የኢትዮጵያ ፓራሊምፒክ ቡድንና የመሪ ሯጭ ሥራ ከጣና ዳር ሲታይ

ከነሐሴ 22 እስከ ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) ፓሪስ ላይ በተካሄደው የፓራሊምፒክ ጨዋታ የኢትዮጵያ ቡድን ሁለት ወርቅና አንድ ብር ይዞ ተመልሷል። ትዕግስት ገዛኸኝ በጭላንጭል ምድብ (ቲ-13) 4:22.39 በሆነ ሰዓት አሸነፈች። ያየሽ ጌጤ ሙሉ በሙሉ ማየት የተሳናቸው በሚወዳደሩበት ምድብ (ቲ-11) 4:27.68 ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ይታያል ስለሺ ደግሞ በወንዶች ቲ-11 ከብራዚላዊው የልትሲን ዣክስ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ሦስቱም የሮጡት 1500 ሜትር ነው። የቀደሙት ሜዳሊያዎች ሲደመሩም ነገሩ አይለወጥም፤ እስከ ፓሪስ ድረስ ኢትዮጵያ በፓራሊምፒክ ያገኘቻቸው ሦስት ወርቅና ሦስት ብር አንድም ሳይቀር የተገኙት በዚሁ ርቀት ነው።

አገሪቱ በፓራሊምፒክ መጀመሪያ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1968 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቴል አቪቭ ላይ ነበር። አበበ ቢቂላም በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ፣ በዓመቱ እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተወዳድሯል። አገሪቱ በ1976 እና በ1980 ጨዋታዎችም ከተሳተፈች በኋላ ረጅም የመጥፋት ዘመን አለ፤ ቡድኑ የተመለሰው በ2004 አቴንስ ላይ ነው። በ2012 ለንደን ላይ ወንድዬ ፍቅሬ በእጅ ጉዳት ምድብ (ቲ-46) የመጀመሪያውን ብር አመጣ። በ2016 ሪዮ ላይ ታምሩ ደምሴ በቲ-13 3:48.49 ሮጦ ሁለተኛ ሆነ። በዚያ ውድድር ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት ሁሉ፣ በዚያው ዓመት የኦሊምፒክ 1500 ሜትር ወርቅ ከወሰደው ማቲው ሴንትሮዊትዝ (3:50.00) ፈጥነው መግባታቸው ብዙ ተወርቶለታል። ንጽጽሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የኦሊምፒኩ ፍጻሜ ሁሉም ጉልበቱን ለመጨረሻው ዙር ያቆየበት ዘገምተኛ ሩጫ ነበር። የታምሩ ሰዓት ግን ንጽጽር ባይኖረውም በራሱ ትልቅ ነው። የአገሪቱን የመጀመሪያ ወርቅ ያመጣችው ትዕግስት ናት፤ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ጨዋታ 4:23.24 ገብታ፣ ፓሪስ ላይ ሰዓቷን አሻሽላ ደገመችው።

ሁሉም ከ1500 ሜትር መምጣቱ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው የውድድሩ መርሐ ግብር ነው። ፓሪስ ላይ ለቲ-11 እና ለቲ-13 ሴቶች በመም ላይ የነበረው ረጅሙ ርቀት 1500 ሜትር ነው፤ 5000 ሜትር ለወንዶቹ እንጂ ለእነሱ አልተዘጋጀም። ስለዚህ በአገሩ አሥር ሺህ መሮጥ የሚችል ጉልበት ያላት ሴት እንኳ ወደዚህ ርቀት ትወርዳለች። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። የውድድር ተሽከርካሪ ወንበር፣ የሩጫ ሰው ሠራሽ እግር፣ የውርወራ መቀመጫ ሁሉም ውድና ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ማየት ለተሳነው ሯጭ የሚያስፈልገው ጫማ፣ የዓይን መሸፈኛ፣ ስንዝር ተኩል የማይሞላ ገመድና የገመዱን ሌላ ጫፍ ይዞ ጎን ለጎን እየሮጠ የሚመራው አንድ ሰው፣ ማለትም መሪ ሯጭ ነው። የሚጠፋው ሰውየው ነው። ባሕር ዳርን በመሰለ ወጣት ሯጭ በማይጠፋበት ከተማም ቢሆን የቲ-11 ሯጭ ቁጥር የሚወሰነው ፈቃደኛና ብቁ መሪ በመገኘቱ ነው።

ምድቦቹ

ቲ-11 ከዜሮ እስከ ብርሃን መለየት ብቻ የሚደርስ ዕይታ ላላቸው ነው። ብርሃን የሚለየው ከማይለየው እንዳይበልጥ ሁሉም ብርሃን የማያስገባ መሸፈኛ ያደርጋሉ፣ ከመሪ ጋርም የግድ ይሮጣሉ። ቲ-12 መሪ መያዝ ወይም አለመያዝ ይችላል። ቲ-13 ያለ መሪ ይሮጣል። ትዕግስት ብቻዋን፣ ያየሽ ከመሪዋ ከክንዱ ሲሳይ ጋር የሮጡት ለዚህ ነው። መሪው ከአትሌቱ ጾታ ጋር አንድ መሆን አይጠበቅበትም፤ አብሮ ሲያሸንፍም ሜዳሊያ ያጠልቃል።

ገመዱና እግሩ

ገመዱ የማይለጠጥ መሆን አለበት፤ ላስቲክ ክልክል ነው። ሁለት ጫፉ ላይ ቀለበት አለው፤ ሲወጠር በሁለቱ መካከል ያለው ርዝመት ከ30 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። በመም ላይ አጭሩ ይሻላል፤ ረዘም ሲል መታጠፊያ ላይ ይላላና አትሌቱ መሪው የት እንዳለ ያጣዋል። ለልምምድ ሰፋ ያለ የጥጥ የጫማ ማሰሪያ አጥፎ መቋጠር ይበቃል። ቀጭን ናይለን ላብ ሲነካው ይንሸራተታል፣ ጣትም ይቆርጣል።

ገመዱን የያዙት ሁለት እጆች አብረው ወደ ፊት፣ አብረው ወደ ኋላ ይወዛወዛሉ። እጆቹ እንዲህ ከሆኑ እግሮቹ እንደ መስታወት ይሆናሉ፤ የሁለቱም የውስጥ እግር አብሮ ይነሣል፣ የውጭ እግር አብሮ ያርፋል። ይህ ካልተጠበቀ ገመዱ በየእርምጃው ይነጥቃል፣ ትከሻ ይጣመማል፣ ከ800 ሜትር በኋላ ትንፋሽ ይቆረጣል። ቁመታቸው የሚቀራረብ ጥንዶች የሚመረጡት ለዚህ ነው፤ እርምጃውን የሚያሳጥረውም የሚያስረዝመውም መሪው እንጂ አትሌቱ አይደለም።

ውጭ ጎን የሚሮጠው ሰው የሚከፍለው ትርፍ ርቀት አለ። 1500 ሜትር ሰባት መታጠፊያ አለው፤ በግማሽ ሜትር ወደ ውጭ መሮጥ በእያንዳንዱ 1.57 ሜትር፣ በድምሩ 11 ሜትር ያህል ይጨምራል። መሪው ውጭ ከሆነ ይህንን በራሱ ላይ ይወስዳል፣ እየተናገረም ይሮጣል። የያየሽ ክብረ ወሰን እኩል ቢከፋፈል በአንድ ዙር 71.4 ሰከንድ ነው፤ 300 ሜትር በ53.5፣ 700 በ2:04.9፣ 1100 በ3:16.3 ማለት ነው። መሪው እነዚህን ሰዓቶች እያነበበ ጮክ ብሎ ይጠራል፣ መታጠፊያ ከሦስት እርምጃ በፊት ያስታውቃል፣ ከፊት ስንት ጥንድ እንዳለ ይናገራል። ቃላቱ አጫጭርና ከልምምድ ጀምሮ የተስማሙባቸው ይሆናሉ፤ «ግራ»፣ «ቀጥታ»፣ «ሁለት ከፊት»፣ «ልቀቂ» (ፍጥነት ጨምሪ ለማለት)። ዓረፍተ ነገር ለመናገር ትንፋሽም ጊዜም የለም። ጥንድ ጥንድን ሲያልፍ ሁለት ሰው ስፋት ስለሚፈልግ፣ መታጠፊያ ላይ ለማለፍ መሞከር ርቀቱን ያባክናል፤ ቀጥታው ላይ ቢጠበቅ ይሻላል።

ትልቁ አደጋ መጨረሻው መስመር ላይ ነው። መሪ አትሌቱን መጎተት ወይም መግፋት አይችልም፣ ከአትሌቱ ቀድሞ መስመሩን ከረገጠም ውጤቱ ይሰረዛል። የደከመ አትሌት በመጨረሻው 50 ሜትር ሲቀንስ ያልደከመ መሪ ሳያስበው ይቀድማል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን እርምጃዎች ግማሽ ደረት ወደ ኋላ ቀርቶ መሮጥ በልምምድ ይደጋገማል። ገመድ መልቀቅም ያው ነው። ፓሪስ ላይ በቲ-12 ማራቶን ሦስተኛ የገባችው ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት ነሐሷን ያጣችው፣ መስመሩ ጥቂት ሜትር ሲቀረው ሊወድቅ የነበረ መሪዋን ለመደገፍ ገመዱን ለቅጽበት በመልቀቋ ነው። ከአራተኛዋ በደቂቃዎች ትቀድም ነበር።

ባሕር ዳር ላይ ማሠልጠን

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ለ1500 ሜትር ይህ ጥቅም ነው፤ 400 ሜትርን በውድድር ፍጥነት መደጋገም ከአዲስ አበባው ይልቅ እዚህ ይቀልላል። ሙቀቱ ግን ከየካቲት እስከ ግንቦት ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ አካባቢ ስለሚደርስ ልምምዱ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቢጀመር ይመረጣል። በዚያ ሰዓት ባጃጅም ጥቂት ነው። የባጃጅ ድምፅ ከአደጋው ሌላ የመሪውን ቃል ይውጠዋል፤ ከሐይቁ የሚነሣ ነፋስም እንዲሁ። ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶች ለዝግታ ሩጫ ይመቻሉ፣ ክፍት ቦይና የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ግን ቀድመው በእግር መታየት አለባቸው። ደንገል በበቀለበት ዳርቻ ያለው መሬት ክረምት ላይ ይጨቀያል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ወደ ኮረት ወይም ወደ ሣር ሜዳ መዞር ነው። ወባም አለ። ሁለት ሳምንት የታመመ መሪ አትሌቱንም ሁለት ሳምንት ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ለአንድ አትሌት ሁለት መሪ ማለማመድ ግዴታ መሆን አለበት።

አዲስ ጥንድ በሩጫ አይጀምርም። መጀመሪያ አትሌቱ የመሪውን ክንድ ከክርን በላይ ይዞ ይራመዳል፤ ቀጥሎ በገመድ ይራመዳሉ፤ እጅና እግር ሲስማማ የ100 ሜትር ዝግ ሩጫ፣ ከዚያ መታጠፊያ ይከተላል። መሪው ራሱ ዓይኑን ተሸፍኖ በሌላ ሰው እየተመራ ቢሮጥ፣ ዘግይቶ የተጠራ መታጠፊያ ምን እንደሚያደርግ በአንድ ቀን ይገባዋል። ለሴት አትሌት 1500 ሜትርን በ4 ደቂቃ አካባቢ የሚሮጥ ወጣት ይበቃል። ለወንድ ግን ይቸግራል፤ ይታያል ፓሪስ ላይ የገባው በ4:03.21 ስለሆነ፣ መሪው ያንን እያወራ ለመሮጥ ቢያንስ 3:50 አካባቢ መሮጥ አለበት። እንዲህ ያለ ሯጭ ደግሞ የራሱን ክለብና ውድድር ያሳድዳል። መሪነት ደመወዝ ያለው ሥራ ካልሆነ ወንዶቹ ጋ ያለው ክፍተት አይዘጋም።

ምድብ የሚወስኑት የተመሰከረላቸው መዳቢዎች ናቸው፤ አትሌቱ ከዓይን ሐኪም የተሞላ የምርመራ ቅጽ ይዞ መቅረብ አለበት። በአማራ ክልል በትራኮማ ዓይናቸው የተጎዳ ብዙ ስለሆኑ፣ ሐኪሙ የዕይታውን መጠን ብቻ ጽፎ እንዳያልፍ፤ የብሌን ጠባሳውንና መንስኤውን በስም ማስፈር አለበት። ምርመራው የሚደረገው በተሻለ በሚያየው ዓይን ነው፤ አንድ ዓይኑ ጤነኛ የሆነ ሯጭ በየትኛውም የዕይታ ምድብ አይገባም።