ፍሬስኮ ምንድን ነው? ስለ ኦህሪድ ግድግዳዎች

«ፍሬስኮ ከሆነ ውኃ አይነካውም፤ ለምን አያጥቡትም?» የሚል አስተያየት በሰሜን መቄዶንያዋ በኦህሪድ ከተማ ጥቀርሻ የለበሱ ሥዕሎች ፎቶግራፍ ሥር ተጽፎ ባየሁ ቁጥር እጄ ለመልስ ይፈጥናል። አስተያየት ሰጪው የተሳሳተው ስለ ጽዳቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ቃሉም ጭምር ነው።

ፍሬስኮ የአሣሣል ስልት ስም ነው። በውኃ ብቻ የተበጠበጠ ቀለም ገና ባልደረቀ የኖራ ልስን ላይ ሲቀባ፣ ኖራው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ድንጋይነት ሲለወጥ ቀለሙን በውስጡ አስሮ ያስቀረዋል። ልስኑ ከደረቀ በኋላ በማጣበቂያ የሚቀባው ሴኮ ይባላል። የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥዕሎች ደግሞ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ በመሆናቸው ከሁለቱም አይደሉም፤ ሆኖም ፍሬስኮ ሲባሉ እሰማለሁ።

ፍሬስኮን በንቅሳት፣ ሴኮን በዓይን ኩል ብንመስላቸው ነገሩ ይቀላል፤ ንቅሳት ከቆዳው ጋር ይኖራል፣ ኩል ግን ፊት ሲታጠብ ይሄዳል። አስተያየት ሰጪው የዘነጋው፣ የባይዛንታይን (የምሥራቅ ሮማ ግዛት) ሠዓሊዎች ሥራ ብዙውን ጊዜ ተነቅሳም ኩል ተኩላም የወጣች ሴት መምሰሉን ነው። መሠረቱን በእርጥቡ ልስን ላይ ያኖሩና የፊቱን ብርሃን፣ የዓይኑን መስመርና ጽሑፉን ልስኑ ደርቆ ሲያበቃ ይጨርሱታል። አዙራይት የተባለው ሰማያዊ ማዕድንማ ከእርጥብ ኖራ ጋር ስለማይስማማ የሚቀባው በአብዛኛው በደረቁ ነው፤ ሲረግፍም ከሥሩ ጥቁር ወይም ግራጫ መደብ ብቻ ይቀራል። ንቅሳቱም ቢሆን ቆዳው ከተላጠ አይተርፍም፤ እርጥበት ጨውን ከግንቡ ወደ ላይ ካወጣ ልስኑ ቀለሙን ይዞ ይፈረፈራል።

በኦህሪድ የፔሪብሌፕቶስ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1295 አካባቢ የሣሉት ሚካኤል አስትራፓስና ኤውቲኪዮስ ስማቸውን በወታደር ቅዱሳን ልብስና መሣሪያ ላይ ጽፈዋል፤ በዚያ ዘመን ብርቅ ድፍረት ነው። ፊርማን የመሰለ ቀጭን መስመር ከየትኛው ንብርብር እንደሆነ ሳይለዩ በስፖንጅ መፈተግ የሠዓሊውን ስም ከነቅዱሱ ቅንድብ ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። ሊቀ ጳጳስ ሊዮን በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯቸው የዚያው የኦህሪድ ቅድስት ሶፍያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ደግሞ፣ ሕንፃው በኦቶማን ዘመን መስጊድ ሲሆን በኖራ ተሸፍነው ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሰፊ የጥገና ሥራ ተደርጎላቸዋል። የተደረበ ኖራ ሲነሣም ቀድሞ አብሮ የሚላቀቀው ያው በደረቁ የተቀባው ሽፋን ነው።

መብራት ከጎን ሲበራ የልስኑ መጋጠሚያ ይታያል፤ በባይዛንታይን ሥራ መጋጠሚያው አብዛኛውን ጊዜ የመወጣጫውን ከፍታ ተከትሎ አግድም ይሄዳል። ይህ ግን ልስኑ በስንት ደረጃ እንደተለሰነ እንጂ እያንዳንዱ ቀለም በእርጥቡ መቀባቱን አያረጋግጥም፤ ለዚያ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ጽዳቱ የሚጀመረው ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ፣ በትንሹ በረጠበ ጥጥ ነው። ጥጡ ጥቀርሻ ብቻ ይዞ ከመጣ ሥራው ይቀጥላል፤ ሰማያዊ ይዞ ከመጣ ይቆማል።