መስቀለኛ ቃላት ምንድን ነው? በፊደል መሥራትና መፍታት

መስቀለኛ ቃላት ማለት ቃላትን በካሬዎች ውስጥ አግድምና ቁልቁል እየጻፉ፣ ሁለት ቃላት በሚገናኙበት ካሬ ላይ አንድ ፊደል እያጋሩ የሚሠሩት ጨዋታ ነው። ክሮስወርድ የሚባለው ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ቃል ቁጥርና ፍንጭ ይሰጣል። ፈቺው ፍንጩን አንብቦ ካሬውን ይሞላል፤ ሠሪው ደግሞ ከዚያ በፊት ቃላቱን እርስ በርስ ሲያጣላና ሲያስታርቅ አምሽቷል። እዚህ በይበልጥ የማወራው ስለ ሠሪው ነው። ሌላ ሰው የሠራውን መፍታት ደስ ይላል፤ የራስን ሠርቶ ቡና ላይ ለተሰበሰበ ሰው ዘርግቶ ሲጨነቁበት ማየት ግን ሌላ ነው።

«እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» እየተባባለ ላደገ ሰው ፍንጭ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ልዩነቱ ዳኛው ላይ ነው። በእንቆቅልሽ ዳኛው ራሱ ጠያቂው ነው፤ የእናንተ መልስ ከእሱ መልስ ቢሻል እንኳ «አይደለም፣ አገር ስጠኝ» ካለ አለቀ፣ አገር ትሰጣላችሁ። (የሌላ ከተማ ልጆች ጅማን በቀላሉ ይሰጧታል፤ ግድ የለም፣ እኛም አዲስ አበባን ስንት ጊዜ ሰጥተናታል።) በመስቀለኛ ቃላት ግን ዳኛው ሰንጠረዡ ነው። አግድም የጻፋችሁት ቃል ቁልቁል የሚወርደውን አላስገባ ካለ ከሁለቱ አንዱ ስህተት ነው። ጠያቂውን መለማመጥ የለም።

ጨዋታው ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተጀመረው አርተር ዊን በተባለ የሊቨርፑል ተወላጅ ጋዜጠኛ ነው። ዲሴምበር 21 ቀን 1913 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ወርልድ በተባለው ጋዜጣ የእሑድ ዕትም ላይ ወጣ፤ የመጀመሪያው ሰንጠረዥ አራት ማዕዘን ሳይሆን እንደ አልማዝ የሾለ ነበር። በ1924 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ተሰብስቦ ሲታተም አሜሪካን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ ሰንጠረዡ ቢገለበጥም ጥቁር ካሬዎቹ ያው ቦታቸው ላይ እንዲገኙ የሚያስገድድ የሲሜትሪ ልማድ መጣ፤ ለዓይን ያምራል እንጂ በአማርኛ ለሚሠራ ጀማሪ አልመክረውም። ሌላ በቂ ጣጣ አለበት።

ጣጣው ፊደሉ ነው። የእንግሊዝኛ ሠሪ ካሬው ውስጥ ከ26 ፊደላት አንዱን ያስገባል። በእኛ ፊደል ግን አንዱ ካሬ ተነባቢውን ከነአናባቢው ይይዛል፤ 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ እነ ቋ፣ ኳ እና ሏ ሳይቆጠሩ። ስለዚህ ቡ ያለበት ቃል የሚያቋርጠው ቡ ያለበትን ሌላ ቃል ብቻ ነው፤ ባም ቢም አይተኩለትም። በዚያ ላይ ቃሎቻችን ካሬ ላይ ሲቀመጡ አጭር ናቸው፤ ብዙው ስም በሁለት፣ በሦስትና በአራት ካሬ ያልቃል። አጭር ቃልና ጠባብ መገናኛ፤ የአማርኛ መስቀለኛ ቃላት ፈተናው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ለማየት ጅማ ጥሩ ቦታ ናት፤ የሱቅ ማስታወቂያው በቁቤም በፊደልም ይጻፋልና። «ቡና» በፊደል ሁለት ካሬ ይበቃዋል፣ በቁቤ አራት ይፈልጋል። የከተማዋ ስም በፊደል ሁለት ነው፤ በአፋን ኦሮሞ አጻጻፍ ግን ጠባቂው ድምፅም ረጅሙ አናባቢም ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ ስድስት ካሬ ይሆናል። በቁቤ የሚሠራ ሰው ከስድስቱ ካሬ በአንዱ ሌላ ቃል ማሳለፍ አያቅተውም። በፊደል የሚሠራው ያለው ሁለት በር ነው፤ ወይ ጅ ወይ ማ። ጃፓኖችም ካታካና በሚባለው ፊደላቸው ሲሠሩ ያው የእኛ ችግር አለባቸው፤ አንዱ ካሬ ተነባቢና አናባቢ አብሮ ስለሚይዝ፣ በአነስተኛ መጠን የሚጻፉትን ፊደሎቻቸውን ሰንጠረዥ ውስጥ እንደ ትልልቆቹ ቆጥረው ነገሩን አቅልለውታል።

እንግዲህ ሲሠራ። እኔ መጀመሪያ የማየው የመገናኛ ፊደሉን ነው። በቡና ዙሪያ የሚሠራ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ቡና፣ ቶና፣ ጀበና፣ ዘነዘና ሁሉም በና ያልቃሉ። ጀበና እና በረካ በ ላይ ይገናኛሉ፣ በረካ እና ረከቦት ረ ላይ። ደስ ብሎን ጀበናን አግድም ብንጽፍ፣ ከበ ላይ በረካን ቁልቁል ብናወርድ፣ ከረ ላይ ደግሞ ረከቦትን አግድም ብናስነሳ ግን ችግር ይመጣል፤ የረከቦት ከ ከጀበና ና ሥር ትቀመጥና ቁልቁል ሲነበብ «ናከ» የሚል ነገር ይወጣል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ፊደሎች ሁልጊዜ ይነበባሉ፤ ቃል ካልሆኑ በመሃላቸው ጥቁር ካሬ መግባት አለበት።

ስለዚህ ትንሽ ጀምሩ። ሦስት በሦስት፣ መሃሉ ጥቁር፣ ዙሪያውን አራት ቃል። ላይኛው መስመር ጀበና ይሁን። በቀኝ በኩል በና ጀምሮ የሚወርድ ቃል ያስፈልጋል፤ ናሙና አለ፣ ቡና ለሚነግድ ከተማ የሚስማማ ቃል። ከዚያ በግራ በኩል ከጀ የሚወርድ። ጀርባ መጀመሪያ የሚመጣ ቃል ነው። ጀርባ ግን ታችኛውን መስመር በባ አስጀምሮ በና ያስጨርሰዋል፤ የሚገኘውም «ባክና» ወይም «ባዝና» ነው። ቃል ናቸው፣ ግን ማንም ከመዝገበ ቃላት ፈልጎ የማያገኛቸው የግሥ እርባታዎች ናቸውና ፈቺው ይናደዳል። ጀግናም አይሆንም፤ ታች በና ጀምሮ በና የሚያልቅ ቃል ይጠይቃል፣ ያውም ናሙና ነው፣ ተይዟል። ጀንዲ ሲመጣ፣ ያ የተለፋ የበሬ ቆዳ መኝታ፣ ታችኛው መስመር በዲ ተጀምሮ በና ያልቃልና ዲቁና ወዲያው ይገባል፤

ጀ በ ና
ን ■ ሙ
ዲ ቁ ና

አራት ቃል፣ ስምንት ካሬ፣ አንድም የተለጠፈ ነገር የለም። ፍንጮቹ ለምሳሌ እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ። አግድም፦ «አንገቷ ረጅም፣ ሆዷ ሰፊ፣ አፏ ላይ ውታፍ» እና «ከቅስና በፊት»። ቁልቁል፦ «በሬው ካለፈ በኋላ ሰው የሚተኛበት» እና «ከጆንያው ቀድሞ ቀማሹ ዘንድ የሚደርስ»።

ከላይ «የተለጠፈ» ያልኩት ነገር ላይ ጠበቅ ማለት እወዳለሁ። አማርኛ ቃልን እንደፈለጉ ማርዘም ይፈቅዳል፤ ፊት ላይ የ፣ በ፣ ከ፣ ኋላ ላይ ው፣ ዋ፣ ች። አንድ ካሬ ሲጎድል ች ለጥፎ ማብዛት፣ ወይም የ ጨምሮ «የቡና» ማለት እጅግ ያጓጓል። አንድ ቦታ ላይ ብትፈቅዱት ሰንጠረዡ በሙሉ እሱ ይሆናል። የእኔ ደንብ፦ ስም በነጠላ፣ ግሥ «ሰበረ» በሚለው መልኩ፣ ሌላው ሁሉ በግድ ካልሆነ አይገባም። ሌሎች እንደሚላሉ አውቃለሁ፣ ግን ሰንጠረዣቸውን ስፈታ ያስታውቅባቸዋል።

ሌላው ጉዳይ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ዓለም ወይስ አለም? ፀሐይ ወይስ ጸሀይ? ፈቺው የትኛውን እንደሚጽፍ አታውቁም። መፍትሔው አንድ መስመር ላይ «ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደ አንድ ይቆጠራሉ» ብሎ አስቀድሞ መጻፍ ነው። ከዚህ የሚከፋው ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ያላቸው ቃላት ናቸው፤ የራሳችን ከተማ ምስክር ናት፣ ጅማ የሚልም ጂማ የሚልም አለ። ጅ ከሆነ ጅረት፣ ጅራፍ፣ ጅብ ሁሉ ሊያቋርጧት ይችላሉ። ጂ ከሆነ እነ ጂኦግራፊና ጂፕ ላይ ትወድቃላችሁ። እኔ ጅ ነኝ፣ ለጨዋታውም ስል።

የቦታ ስም ለሰንጠረዥ ጣፋጭ ነው፤ የአካባቢው ሰው ሲያገኘው ፈገግ ይላል። አጋሮ፣ ጅሬን፣ መልኮ፣ ማና፣ ጎማ በቀላሉ ይገባሉ፤ ጎማማ የመኪናም ስለሆነ ፍንጩ ራሱ ይመጣል። በርጩማም በጩ ላይ ጩቤን ወይም ጩኸትን ታሳልፋለች። ከተማዋን የሚከፍለው አዌቱ ወንዝ ግን መከራ ነው። መሃሉ ላይ ያለችውን ዌ የያዘ ሌላ ቃል ፈልጉ እስቲ። እኔ የማገኘው ኩዌትና ኖርዌይን ነው፤ ስለዚህ በኔ ሰንጠረዦች ላይ አዌቱን የሚሻገረው ድልድይ ሁልጊዜ የውጭ አገር ነው።

መገናኛው ያጠበበውን ፍንጩ ይክሳል። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ሁለት ቃል ይሆናል። «ታኅሣሥ 29 ሲደርስም አልደረሰም የሚባልለት» (2 ካሬ) ብትሉ መልሱ ገና ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ ያልደረሰው። «በገንዳ ስፖርት፣ በመሥሪያ ቤት ከጸሐፊ የሚቀድም» (2 ካሬ) ደግሞ ዋና። በሰምና ወርቅ ያደገ ጆሮ ይህንን ወዲያው ይይዘዋል፤ ኅብረ ቃል ላይ ቆሞ ሁለት ወገን ማየት ማለት ነውና። በቁቤ ግን ይህ ጨዋታ አይሠራም፤ ጠባቂው ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ ምስጢሩ ካሬው ላይ ይወጣል።

እንግሊዞች ደግሞ ፍንጭን ለሁለት የመክፈል ልማድ አላቸው፤ ግማሹ ትርጉሙን ይናገራል፣ ግማሹ ፊደሎቹ ከየት እንደሚገኙ። በአማርኛም ይሆናል፣ በተለይ በኃላፊ ግሥ። «ሰበረ» ዓይነት ግሦች ሦስቱም ፊደሎቻቸው የግዕዝ ቤት ስለሆኑ ቦታ ሲቀያየሩ አናባቢ አያጣላቸውም። መከረ፣ ከረመ፣ ከመረ አንድ ዓይነት ፊደሎች ናቸው። ፈረደ እና ደፈረም እንዲሁ። ጠበቀ ከኋላ ወደፊት ሲነበብ ቀበጠ ይሆናል። ከዚህ ተነሥቼ የሠራሁት ፍንጭ «ፈረሰ ቢጠገን ቦታ ይዞ ኖረ» (3 ካሬ) የሚል ነው። «ቦታ ይዞ ኖረ» ትርጉሙ ነው፣ «ቢጠገን» የፈረሰን ፊደሎች እንደገና ገጣጥም ይላል፤ መልሱ ሰፈረ።

ለመፍታት ያለኝ ምክር አጭር ነው። እርሳስ ያዙ። የፍንጩን ሰዋስው ተመልከቱ፤ ደህና ሠሪ በግሥ ከጠየቀ መልሱ ግሥ ነው፣ በሴት ካወራ መልሱ በሴት የሚጠራ ነው። የተገኘችውን የመገናኛ ፊደል ደግሞ አናባቢዋን እዩ፤ ራብዕ ላይ ያለች ና መጨረሻ ላይ ስትቆም ብዙ ቃል ታመጣለች፣ መሃል ላይ ያለች ዌ ግን ከሁለትና ከሦስት ቃል አታልፍም፤ ስለዚህ ከዌ ጀምሩ።

ሰንጠረዥ ለመሥራት ጊዜ የሌለው ሰው ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ሉዊስ ካሮል በ1877 እ.ኤ.አ. የፈጠረውን ዘዴ በፊደል ይሞክር። ከአንድ ቃል ተነሥቶ በየደረጃው አንድ ፊደል ብቻ እየቀየሩ ሌላ ቃል ላይ መድረስ ነው፤ በመሃል ያለው ሁሉ ትክክለኛ ቃል መሆን አለበት። ቡና፣ ቀና፣ ቀማ፣ ጅማ። ወረቀት እንኳ አይፈልግም፤ ቡናው እስኪፈላ ይሆናል። አሁን ደግሞ የእናንተ ተራ ነው፦ ከማር ተነሥታችሁ ቤት ግቡ፤ በመሃል የሚፈቀደው ሁለት ቃል ብቻ ነው።